የተማሪው ፊልም ከባለሙያው ሲኒማ ጎን፤ ስለ ምስልና ድምፅ ስልት የቀረበ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእሰ ጉዳይ የተማሪ ፊልም በምስልና በድምፅ ስልቱ ከባለሙያ ሲኒማ ጋር ሲነጻጸር ምን ይመስላል የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የተለመደው መልስም ዝግጁ ነው። የተማሪው ምስል ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ብርሃኑ ይጎድላል። የባለሙያው ግን ጽዱና ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ ተማሪው ወደ ባለሙያው በተጠጋ መጠን ውጤቱ ከፍ ይላል። የመመረቂያ ፊልሞች በሚገመገሙበት ጠረጴዛ ዙሪያ ይህ ሚዛን ብዙ ጊዜ ስሙ ሳይጠራ ይሠራል። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ሚዛኑ የተማሪውን ሥራ እንደሚያዛባ፣ ከሁሉም ይልቅ ጆሮውን እንደሚደፍንበት ነው።

በዚህ ሚዛን የሚለካ ተማሪ የሚያደርገውን እናውቃለን። ከሰማይ የሚቀርጽ ድሮን ይከራያል፤ ታሪኩ ከሰማይ መታየት ያስፈልገው እንደሆነ ግን ራሱን አይጠይቅም። የትዕይንቱን ፍጥነት ያዘገያል፤ ቀለሙን ከውጭ ፊልሞች ያስመስላል። በመጨረሻም ያልተሳካውን ድምፅ ለመሸፈን ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው ሙዚቃ ያለብሰዋል። የተገኘው ፊልም የባለሙያ ይመስላል፤ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ሁለቱን የሚለያቸው ዋናው ነገር የመሣሪያው ዋጋ አይመስለኝም። ዋናው ልዩነት ውሳኔ የሚሰጥበት ጊዜ ነው። ባለሙያው ውሳኔውን ማዘግየት ይችላል። የተዋናዩ ቃል በመኪና ጩኸት ቢዋጥ ተዋናዩን ወደ ስቱዲዮ ጠርቶ ቃሉን እንደገና ያስቀርጻል። የእግር ኮቴና የበር መንሿጠጥ በኋላ በሌላ ባለሙያ ይሠሩለታል። ሰማዩ ቢነጣ ቀለም የሚያርም ሰው አለው፤ ትዕይንቱ ቢበላሽ የሚደግምበት ቀን በጀት ላይ ተይዟል። ተማሪው ከእነዚህ አብዛኞቹ የሉትም። ስለዚህ ባለሙያው ከቀረጻ በኋላ የሚወስነውን ተማሪው ከቀረጻ በፊት፣ ገና ጽሑፉን ሲጽፍና ቦታውን ሲመርጥ መወሰን አለበት። በጊዜው የተወሰነ እጥረት ስልት ይሆናል። ሳይወሰን የቀረ እጥረት ደግሞ እጥረት እንደሆነ ስክሪኑ ላይ ይታያል።

ይህን ለማሳየት ከኃይሌ ገሪማ ሥራዎች የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ በተማሪነቱ የሠራቸውም በባለሙያነቱ የሠራቸውም በእጃችን አሉና ሰውየውን ከራሱ ጋር ማነጻጸር እንችላለን። ኃይሌ ጎንደር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1946 ተወለደ። አባቱ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት ገሪማ ታፈረ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዶ በመጀመሪያ ቺካጎ ውስጥ ትወናን ተማረ፤ ከዚያም በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማሪ ሆነ። በዚያ ዘመን በዩኒቨርሲቲው የተሰባሰቡ ጥቁር ተማሪዎች፣ እነ ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽና ሌሎችም፣ ኋላ የሎስ አንጀለስ ዓመፅ የሚል ስም ለተሰጠው የፊልም እንቅስቃሴ መሠረት ጣሉ።

የኃይሌ የመመረቂያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1975 የተጠናቀቀው «ቡሽ ማማ» ነው። በ16 ሚሊሜትር ፊልም፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። ከቀራጮቹ አንዱ አብሮት ይማር የነበረው በርኔት ነበር። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ዶሮቲ በሎስ አንጀለስ ዋትስ ሰፈር የምትኖር፣ በመንግሥት ድጎማ የምትተዳደር ነፍሰ ጡር ሴት ናት። ባልንጀራዋ ባልሠራው ወንጀል ታስሯል፤ የድጎማ ቢሮ ሠራተኞች ፅንሱን እንድታስወርድ ይገፋፏታል። ፊልሙ ሲጀምር ፖሊሶች መንገድ ላይ ሰዎችን አስቁመው ሲፈትሹ እናያለን። የሚፈተሹት ተዋንያን አይደሉም፤ የፊልሙ ቡድን አባላት ራሳቸው ናቸው። ቡድኑ ቀረጻ ላይ ሳለ ፖሊስ በእርግጥ አስቆማቸው፤ ካሜራውም ያንን ያዘ። ሌላው ተማሪ «ቀረጻው ተበላሸ» ብሎ የሚጥለውን ኃይሌ የፊልሙ መግቢያ አደረገው፤ ፊልሙ ሊናገር የፈለገው ያንኑ ስለነበር ነው።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። «ቡሽ ማማ» ውስጥ ድምፅ ምስልን ተከትሎ ብቻ አይሄድም። የሄሊኮፕተር ጩኸት፣ የጎዳና ሁካታ፣ የድጎማ ቢሮ ሠራተኞች ተደጋጋሚ ጥያቄ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባሉ። ዶሮቲ ዝም ብላ ስትሄድ እንኳ የቢሮው ጥያቄ ይከተላታል። ተመልካቹ በዐይኑ አንዲት ሴት መንገድ ላይ ስትራመድ ያያል፤ በጆሮው ግን ጭንቅላቷ ውስጥ ይገባል። ይህን ለማድረግ ውድ መሣሪያ አላስፈለገም። ያስፈለገው ጽሑፉ ሲጻፍ ጀምሮ «ይህች ሴት ምን ትሰማለች?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ልብ በሉ፤ ከቃል ጋር በትክክል መገጣጠም የማያስፈልገው ድምፅ ለተማሪ በጀት የሚስማማው ድምፅ ነው። ኃይሌ ድህነቱን ያስተናገደበት መንገድ ትርጉሙን ከተሸከመበት መንገድ ጋር አንድ ሆነ።

ሁለተኛው ምሳሌ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ኃይሌ ገና ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ የንጉሡ ሥርዓት በሚወድቅበትና የወታደሩ አገዛዝ ገና ባልጠበቀበት ወቅት ወደ ሀገር ቤት መጥቶ የቀረጸው ነው። ይህም 16 ሚሊሜትር፣ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ርዝመቱ 150 ደቂቃ ያህል ነው። ተዋንያኑ በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ካሜራውን የያዘው ኤሊየት ዴቪስም ያን ጊዜ ወጣት ነበረ፤ ኋላ በሆሊውድ የታወቁ ፊልሞችን ቀርጿል።

በዚህ ፊልም ውስጥ የምስሉ ስልት የርቀትና የጊዜ ስልት ነው። ጭሰኛው በሬውን ጠምዶ ሲያርስ ካሜራው ከሩቅ ሆኖ ያያል፤ አይቸኩልም። ባላባቱ ደግሞ ኮት ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ ከበረንዳው ተቀምጦ ይጮኻል፤ ይሳደባል። ድሆቹ በሥራ ይታያሉ፤ ጌታው በአፉ ይሰማል። ከበበ የተባለው፣ ሰው ሁሉ እብድ የሚለው የቀድሞ አርበኛ፣ መሬቱን የተነጠቀ ሰው ነው፤ የፊልሙን እውነት የሚናገረው እሱ ነው። ድምፅ እዚህ የሥልጣን ጉዳይ ሆኗል። ማን የመጮህ መብት አለው? ዝም የሚለውስ ማን ነው? እብድ ካልተባለ በቀር እውነት የሚናገር አለ ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ያነሣው ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላው ተማሪ ነው። ፊልሙ ዛሬም በዓለም ይታያል፤ ማርቲን ስኮርሴዚ ያቋቋመው የፊልም ቅርስ ጥበቃ ፕሮጀክት እንዲታደሱ ካደረጋቸው ፊልሞችም አንዱ ሆኗል።

ከዚህ ጎን እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን «ጤዛ»ን እናስቀምጥ። «ጤዛ» በማንኛውም መለኪያ የባለሙያ ሲኒማ ነው። በኢትዮጵያና በጀርመን ተቀርጿል። ሲኒማቶግራፈሩ ጣሊያናዊው ማሪዮ ማሲኒ ነው፤ ሙዚቃውን ቪጃይ አየርና የእኛው ጆርጋ መስፍን ሠርተውታል። በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ፊልም ጽሑፍ ሽልማትን አግኝቷል፤ በተከታዩ ዓመት በዋጋዱጉው ፌስፓኮ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወስዷል። ታሪኩ በጀርመን የተማረው አንበርብር እግሩን አጥቶ፣ ትዝታውም ተቆራርጦበት ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ የሚሆነውን ይተርካል።

ሁለቱን ዘመን ስናስተያይ የተለወጠው ምንድን ነው? ቀለም መጥቷል፤ የጣና አካባቢ ውሃና ሰማይ በሙሉ ጥላቸውና ብርሃናቸው ይታያሉ። ድምፁ ብዙ ንብርብር አለው፤ ሩቁ ከቅርቡ፣ የውስጡ ከውጩ በጥራት ይለያል። ሙዚቃው ለፊልሙ ተብሎ የተደረሰ ነው። ያልተለወጠውስ? ጆሮው። የአንበርብር ትዝታ ያለ ጥሪ እየመጣ ዛሬውን ሲያቋርጠው፣ የሌላ ዘመንና የሌላ ቦታ ድምፅ አሁን ባለበት ቦታ ላይ ሲደርብበት፣ ዶሮቲ ዋትስ ውስጥ ስትራመድ ከሰማነው ጋር አንድ አሠራር ነው። ባለሙያው በ2008 በሰፊ አቅም የሠራው ተማሪው በ1975 በጠባብ አቅም የጀመረውን ነው። ገንዘቡ ስልቱን አልፈጠረውም፤ አሰፋው እንጂ። «ጤዛ» እስኪጠናቀቅ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ለዚያ ሁሉ ዘመን የጠበቀው ስልት በተማሪነት ባይተከል ኖሮ የሚጠበቅ ነገር ባልነበረ።

ነገሩ የኃይሌ ብቻ እንዳይመስላችሁ የባልንጀራውን የበርኔትን ጉዳይ ልጨምር። «ኪለር ኦፍ ሺፕ» የተባለው የመመረቂያ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1977 ተጠናቀቀ። የተሠራው በአብዛኛው በቅዳሜና እሑድ፣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ነው። ዛሬ ከአሜሪካ ታላላቅ ፊልሞች ተርታ ይጠራል። ሆኖም በፊልሙ ውስጥ ያሉት ዘፈኖች የሌሎች ሰዎች ንብረት ነበሩና ፈቃዳቸው ሳይከፈል በሲኒማ ቤቶች በሰፊው ሊታይ አልቻለም። ክፍያው 150,000 ዶላር ደርሶ ፊልሙ ወደ ሲኒማ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከ30 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የታወቀ ዘፈን ከስልካችሁ ወስዳችሁ ትዕይንት ላይ ለምትለጥፉ ይህ በቂ ትምህርት ነው። የበርኔት ዘፈኖች ከፊልሙ ነፍስ ጋር የተሰፉ ነበሩና ያን ያህል ዋጋ ተከፈለባቸው። መጥፎ ድምፅ ለመሸፈኛ የገባ ዘፈን ግን ለፊልሙ ሁለት ዕዳ ያተርፍለታል፤ አንዱ የሕግ፣ ሌላው የጥበብ።

አሁን ከሎስ አንጀለስ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ያለንበት ክፍለ ከተማ ነፋስ ስልክ ይባላል። ስሙ ሽቦ ሳይዘረጋ ድምፅና መልእክት በአየር ላይ መሻገሩ ገና ድንቅ በነበረበት ዘመን የወጣ የአማርኛ ቃል ነው። ስሙን ከድምፅ ያገኘ ክፍለ ከተማ ውስጥ ተቀምጠን ድምፅን የፊልም እንጀራ ልጅ ማድረጋችን ያሳፍራል።

እንበልና አንዲት ተማሪ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እናትና ልጅ የሚነጋገሩበትን ትዕይንት ልትቀርጽ ነው። ልጁ ከሀገር ሊወጣ እንደሆነ ለእናቱ ሊነግራት ይፈልጋል፤ አልቻለም። ካሜራዋ ስልክ ነው። የምስሉ ችግር በአብዛኛው በዕውቀት ይፈታል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የሀገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 50 ዑደት ስለሆነ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፤ ይደበዝዛል። ብዙ ስልኮች በሴኮንድ 30 ምስል እንዲቀርጹ ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ የመዝጊያው ፍጥነት አንድ ስልሳኛ ሴኮንድ ሲሆን በምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይንከላወሳሉ። በሴኮንድ 25 ምስል፣ የመዝጊያውን ፍጥነት ደግሞ አንድ ሃምሳኛ ብታደርገው ችግሩ ይጠፋል። ይህ ምንም ዋጋ አያስከፍልም። የምስሉ ልዩነት በየዓመቱ እየጠበበ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ድምፁ ግን በቅንብር ብቻ አይታለፍም። ስልኩ ከተናጋሪው ሁለት ሜትር ርቆ ቆሟል። በሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። ስለዚህ ማይክሮፎን ከግማሽ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ሲሸሽ 12 ዴሲቤል እናጣለን። ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ደግሞ ባዶው ግድግዳና ወለሉ ድምፁን እየመለሱ ይረጩታል፤ ቃሉ ይደክማል፣ አስተጋባቱ ይጎላል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ሁለተኛ ስልክ በተዋናዩ ኪስ ውስጥ ወይም ከምስሉ ክፈፍ ውጭ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ፣ በጭብጨባ ሁለቱን ቅጂ ማስተካከያ ምልክት መስጠት፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ መስቀል፣ ሁሉም ዝም ባለበት የክፍሉን ጸጥታ ለአንድ ደቂቃ መቅረጽ። ያ የአንድ ደቂቃ ጸጥታ በቅንብር ጊዜ ሁለት ትዕይንቶችን ሳይሰነጠቁ ያጋጥማል።

ይህ ሁሉ ግን ገና ቴክኒክ ነው። የስልቱ ጥያቄ ከዚህ ይቀድማል። በዚያ ቤት መስኮት በኩል የሚገባው ምንድን ነው? የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል። ቁራሌው ያልፋል። ክረምት ከሆነ ዝናቡ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ይደበድባል። ባለሙያ መሆን የሚፈልግ ተማሪ መስኮቱን ዘግቶ ሁሉንም ሊያጠፋ ይሞክራል፤ አይጠፋለትምና በሙዚቃ ይሸፍነዋል። ጽሑፉን ስትጽፍ የወሰነች ተማሪ ግን መስኮቱን ትከፍተዋለች። ልጁ ሊናገር አፉን በከፈተ ቁጥር የረዳቱ ጥሪ ይቀድመዋል፤ ሁልጊዜም ወደ ሌላ ቦታ የሚጠራ ድምፅ። እናቱ መስኮቱን ስትዘጋው የሚመጣው ጸጥታ ልጁ ያልተናገረውን ይናገራል። አሁን መንገዱ የትዕይንቱ ሦስተኛ ተዋናይ ሆኗል። ይህን ውሳኔ ከቀረጻ በኋላ በኮምፒውተር ፊት ልትወስነው አትችልም፤ ቃሉ ሁሉ ተደባልቆ ተቀርጿልና። ጽሑፉ ላይ ከጻፈችው ግን የተዋናዩን ቃል ለብቻው በቅርብ፣ የረዳቱን ጥሪ ለብቻው ታች ወርዳ ትቀርጻለች።

እዚህ ላይ ከአንዳንድ ባልደረቦቼ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። «እንዲህ ካልን ተማሪው ሁሉ ስንፍናውን ስልት እያለ አያቀርብልንም ወይ?» ይላሉ። ያቀርባል። ስለዚህ መለያ ያስፈልገናል። ጉድለት በዘፈቀደ ይመጣል፤ ስልት ግን ሕግ አለው። የካሜራው መንቀጥቀጥ ገጸ ባሕርይው ሲረጋጋ ይቆማል ወይ? የመንገዱ ጩኸት ሲነሣና ሲወርድ ከታሪኩ ጋር ይነሣል፤ ይወርዳል ወይ? ያንን ድምፅ ብናወጣው ትዕይንቱ ትርጉም ይጎድለዋል ወይስ ይገላገላል? «ቡሽ ማማ» ውስጥ የድጎማ ቢሮውን ድምፅ ብታወጡ ዶሮቲ ትጠፋለች። አብዛኛው የእኛ መሸፈኛ ሙዚቃ ቢወጣ ግን ፊልሙ ይተነፍሳል። በተጨማሪም ማንኛውም ስልት የሚደመጥ ቃልን ግዴታ አድርጎ ይቀበላል፤ ሆን ተብሎ ካልተዋጠ በቀር የተዋናይ ንግግር ሊሰማ ይገባል።

ከዚህ በመነሣት ለትምህርት ክፍሎቻችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የመመረቂያ ፊልም ጽሑፍ ሲቀርብ ከምስል ዕቅዱ ጋር የድምፅ ዕቅድ አብሮ ይቅረብ፤ በየትዕይንቱ ምን እንደሚሰማ፣ ከየት እንደሚሰማ፣ ማን እንደሚሰማው ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ገምጋሚዎች ፊልሙን አንድ ጊዜ ምስሉን አጥፍተው ያዳምጡት። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እንደሚባለው ተማሪው የራሱን ፊልም ደጋግሞ ስለሰማው አይሰማውም፤ ባዳ ጆሮ ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ በግምገማ ቅጹ ላይ «ባለሙያዊ ጥራት» የሚለው መስፈርት ብቻውን አይቁም፤ አጠገቡ «ተማሪው ያለውን አቅም አውቆ ምን ወሰነ?» የሚል ጥያቄ ይጨመር።

ለምን ይህን ያህል አጥብቄ እንደምናገር ልግለጽና ላብቃ። ይህች ከተማ በፍጥነት እየፈረሰች እየተሠራች ነው። ሰፈር ሲለወጥ የሚቀረው ፎቶግራፍ ነው፤ ድምፁ ግን ሳይቀረጽ ይጠፋል። የዛሬው የሳሪስ፣ የመካኒሳ፣ የለቡ ጠዋት ከ30 ዓመት በኋላ እንዴት ይሰማ እንደነበር የሚያውቅ የሚኖረው አንድ ሰው ማይክሮፎኑን አቅርቦ ከቀረጸው ብቻ ነው። በየዓመቱ በብዛት ፊልም የሚሠሩት ደግሞ ተማሪዎች ናቸው። እያንዳንዱ ተማሪ ይህን ድምፅ ከሌላ ቦታ በመጣ ሙዚቃ ከሸፈነው የከተማዋን ትዝታ አብሮ ይሸፍነዋል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ዛሬ ከፊልምነቱ ሌላ የ1974 ገጠር ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ሰነድ ነው፤ ያንን ሰነድ የተወልን ተማሪ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ ለቀጣዩ ፊልማችሁ ካሜራ ከመከራየታችሁ በፊት የምትቀርጹበት ቦታ ሄዳችሁ ለአንድ ሰዓት ተቀመጡ፤ የምትሰሙትንም ጻፉ። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የታሪካችሁ የሆነውን ምረጡ፤ የቀረውን እንዴት እንደምታስወግዱት አስቀድማችሁ ወስኑ። ጥያቄና አስተያየት ያላችሁን ለማዳመጥ ዝግጁ ነኝ።